የማይነደው ጨርቅ

ጥቅምት 6

አሥራ ሁለት ጥንድ ጓንት ቆረጥኩ። ዘጠኙን ሰፋሁ፣ ሦስቱ ለነገ። የስፌት መኪናዬ ቀበቶ ከሰዓት በኋላ ተበጠሰና ጥገና ክፍል ድረስ ሄጄ ለመንኳቸው። "ነገ" አሉኝ። የእነሱ ነገ መቼ እንደሆነ እነሱም አያውቁት።

እዚህ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሞላኝ። ብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ ስል ሰው ይስቃል። "ለብረቱ ነው የምትሰፊለት?" ይሉኛል። ለብረቱ አይደለም፤ ለሚያቀልጡት ነው። ጓንት፣ ሽርጥ፣ የምድጃው በር ላይ የሚንጠለጠለው መጋረጃ... ሁሉም ከዚያው ከግራጫው ጨርቅ። አስቤስቶስ ነው ስሙ፤ እኛ የእሳት ጨርቅ እንለዋለን። እሳት ውስጥ ብትጥለው አይነድም። ባለቤቴም የሚለብሰው እሱን ነው። ምድጃው ላይ ነው የሚሠራው።

ሬዲዮ ዛሬም ስታወራ ዋለች። ከጎኔ የምትሰፋው ጓደኛዬ ናት፤ ወሬ ስለማያመልጣት ሁሉም ሬዲዮ ይላታል። የመጨረሻው ወሬዋ ግን አላሳቀኝም። እትዬ ታመዋል አለች። ሥራውን ያስተማሩኝ እትዬ። ጡረታ ከወጡ ሦስት ዓመታቸው ነው። "ከአልጋቸው እስከ በሩ ለመሄድ ሁለት ጊዜ ያርፋሉ" አለች።

እትዬ? ጥቅል ጨርቅ ብቻቸውን ተሸክመው ሽቅብ የሚሮጡት?

እርጅና ይሆናላ። ሄጄ አያቸዋለሁ።

ጥቅምት 11

እትዬ ዘንድ ሄድኩ።

አፍንጫቸው ላይ ቱቦ አለ። ከአልጋው አጠገብ የኦክስጅኑ ዕቃ ሽሽሽ... ይላል። ግማሽ ሆነዋል። ብርቱካን ይዤ ነበር፤ ጎንበስ ብዬ እየላጥኩ እንባዬን ደበቅኩ። ከእሳቸው መደበቅ ይቻላል እንዴ?

"ምን ያስለቅስሻል፣ ገና አልሞትኩ" አሉኝ። በየሦስት ቃሉ ይቆማሉ።

ቀስ እያሉ ነገሩኝ። "ሐኪሙ... ምን ይሠሩ ነበር አለኝ። ልብስ ሰፊ አልኩት። ጻፈ። የምን ልብስ አለኝ... የእሳት ጨርቅ አልኩት። ያኔ መጻፉን ተወና... ቀና ብሎ አየኝ።"

የሳንባ ሽፋን ካንሰር ነው ያሏቸው። ከጨርቁ ብናኝ የሚመጣ። ገብቶ ይቀመጣል። ሃያ ዓመት፣ ሠላሳ ዓመት፣ አርባ ዓመት ድምፁን አያሰማም።

"ከሌላ ነገር ቢሆንስ?" አልኳቸው።

"ከምን? ሲጋራ እንኳ በእጄ ይዤ አላውቅ።" ከዚያ እጄን ያዙኝ። "አንቺ ስንት ዓመትሽ ነው እዚያ?"

ያውቁታል እኮ። ራሳቸው ናቸው የተቀበሉኝ። ሃያ ሁለት አልኩ። እጄን ማሻሸት ያዙ...

ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ቆሜ በረጅሙ ተነፈስኩ። ያመኛል? አያመኝም። አንድ ጊዜ ደግሜ ተነፈስኩ። ሰው ያየኛል ብዬ ሄድኩ።

ጥቅምት 13

መቀሱን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። አነሳሁ። በመስኮቱ በሚገባው ፀሐይ ውስጥ ብናኙ ይንሳፈፋል። እስከ ዛሬ እንዴት አላየሁትም?

ጥቅምት 14

አፍና አፍንጫዬን በሻሽ አስሬ ተቀመጥኩ። ሬዲዮ ሳቀችብኝ። "ምነው፣ ጥርስሽን ተነቀልሽ?"

ነገርኳት። ሳቋ ተቋረጠ። እስከ ምሳ ድረስ አንድ ቃል አልወጣትም። ሬዲዮ ዝም ስትል ያስፈራል።

ጥቅምት 21

አዲሷ የደህንነት ኢንጅነር ልብስ ሰፊዎቹንና የምድጃ ሠራተኞቹን አንድ ላይ ሰበሰበችን። ለካ እትዬ ብቻ አይደሉም። ከእኛ በፊት እዚያ ክፍል ከሠሩት ሁለት ሴቶች ሞተዋል፤ ቤተሰቦቻቸው ዘንድ ሄዳ የሐኪም ወረቀታቸውን አንብባለች።

"በዓይናችሁ የምታዩት አቧራ ትልቁ ነው" አለች። "ሳንባ ውስጥ ዘልቆ የሚገባው የማይታየው ነው። ከፀጉር ይቀጥናል። ገብቶ አይወጣም።" ጨርቁ ይቁም ነው የምትለው። ዛሬ ቢሆን ደስ ይላታል።

ጋሽ ነበልባል ተነሱ። የምድጃው አለቃ ናቸው፤ ስሙን ያወጣላቸው ቁጣቸው ነው። "ስሚኝ ልጄ" አሉ። "ያ ምድጃ አንድ ሺህ አምስት መቶ ዲግሪ ነው። ጓንቱን ዛሬ ብትወስጂብኝ የምቃጠለው ዛሬ ነው። አንቺ የምትይው በሽታ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ይመጣል። እኔ መጀመሪያ ሠላሳውን ዓመት ልኑራ!"

ሰዉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር።

"ለእርስዎ ይሁን። ለሚሰፉትስ?" አለች።

"ለሚሰፉት..." አሉና ወደ እኔ ዞሩ። ተቀመጡ።

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አንዳቸው ውሸታም ቢሆኑ እንዴት በቀለለኝ።

ዘጠኝ ዓመት ሆነው። የቀለጠውን ብረት ከምድጃው የሚቀዱበት ትልቅ ባልዲ አለ፤ ጭልፋ ይሉታል። ሰንሰለቱ ተበጠሰና አጋደለ። ባለቤቴ ፊት ለፊት ነበር። ደረቱ ላይ ነው የፈሰሰበት። በሽርጡ ላይ እየቀላ ወርዶ መሬት ላይ ረጋ። ሽርጡን አውልቆ ሲጥለው ከሥር ሸሚዙ እንኳ አልጠቆረም። እኔ የሰፋሁት ሽርጥ። ያን ቀን ጨርቁን ከመሬት አንስቼ ስሜዋለሁ። በከንፈሬ። ሁሉም እያዩኝ።

ጥቅምት 22

እኔስ እሺ። ልጄስ?

እስካሁን ይህን አለማሰቤ... አስቤው ይሆን፣ ሸሽቼው?

አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የኤሌክትሪክ ሥራ ትማራለች፣ የጎረቤቱን ምድጃ ሁሉ ጠጋኝ እሷ ናት። ሕፃን ሳለች ከሥራ ስገባ ሮጣ ጉልበቴ ላይ ትጠመጠም ነበር። "እማዬ ዱቄት ሆናለች!" እያለች። ቀሚሴን በረንዳ ላይ ሳራግፍ ሥሩ ትቆማለች፤ ብናኙ ፀጉሯ ላይ ሲያርፍ ትስቃለች። የእኔን ብቻ አይደለም፣ የአባቷንም ልብስ። በዚያ ላይ ቁርጥራጩን ከሥራ አምጥቼ ለአሻንጉሊቷ ቀሚስ ሰፋሁላት። እኔ። በእጄ።

ወጥ ቤት ገባሁ። የድስት መያዣው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እሱም ከዚያው ጨርቅ ነው፣ ጫፉ ተተርትሯል። ሁለት ፌስታል ውስጥ ከትቼ አጥብቄ አሰርኩት። ከዚያ ይዤው ቆምኩ። የት ልጣለው? ቆሻሻ ላይ ብጥለው ሌላ ሰው ያነሳዋል። ባቃጥለው... አይቃጠልም እኮ! ብቻዬን ሳቅሁ። ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ።

በረንዳው ጥግ አስቀምጬዋለሁ። እንደ ቦምብ ዞር እያልኩ አየዋለሁ።

ጥቅምት 23

ፌስታሉን ለኢንጅነሯ ወስጄ ሰጠኋት። ጓንቷን አድርጋ ተቀበለችኝና "ቤት ውስጥ ሌላ አለ?" አለች። የለም አልኩ። ከዚያ "ልጅ አለሽ?" አለች። አዎ አልኩ። በዓይኔ አየኋት፣ በዓይኗ አየችኝ። በቃ።

ኅዳር 3

ባለፈው ሳምንት የተነሳሁት የራጅ ውጤት።

ሐኪሙ ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቀለው። የጎድን አጥንቴን አየሁ። ከጎኑ ነጫጭ ነገር አለ፣ የተጨማደደ ወረቀት የመሰለ።

"የሳንባዎ ሽፋን እዚህና እዚህ ጠንክሯል" አለኝ።

"ካንሰር ነው?"

"አይደለም። ብናኙ መግባቱን የሚያሳይ ጠባሳ ነው።"

"ወደ ካንሰር ይሄዳል?"

"ጠባሳው ራሱ አይሄድም። ግን ብዙ ብናኝ ገብቷል ማለት ነው። ሌላው ነገር... ላይመጣ ይችላል።"

"ሊመጣስ?"

"ሊመጣም ይችላል። በየዓመቱ እናይዎታለን።"

ላይመጣ ይችላል። ሊመጣ ይችላል። ሰው በዚህ መሐል እንዴት ይኖራል? ምሳ ይበላል? ልብስ ያጥባል?

ዛሬ ልብስ አጠብኩ።

ኅዳር 4

ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ለልጄም። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? ዝም ካልኩ የማይደርስ ይመስለኛል። ጅል ነኝ።

ልጄ ጠዋት ሁለት ጊዜ ሳለች። ጉንፋን ነው። ጉንፋን ነው። ጉንፋን ነው።

ኅዳር 14

የጨርቁን ነገር የሚወስነው ኮሚቴ ተሰበሰበ። አምስት ነን፤ ሥራ አስኪያጁ፣ ጋሽ ነበልባል፣ ኢንጅነሯ፣ የመጋዘን ኃላፊዋ፣ ከልብስ ሰፊዎች እኔ።

ሥራ አስኪያጁ ለስላሳ ሰው ነው፣ ሲያስጨንቅም በለስላሳ ነው። "አስቤስቶስ የሌለበት አዲስ ጓንት ታዟል፣ በሁለት ሳምንት ይገባል። እስከዚያ አርባ ጥንድ ብቻ ስፉልን። ከዚያ በኋላ ይቆማል።" ብቻ! አርባ ጥንድ ጓንት ማለት ሰማንያ እጅ ነው። ሰማንያ ጊዜ መቁረጥ፣ ማገላበጥ፣ ማራገፍ...

"ጨርቁን አርጥበን ብንቆርጠውስ?" አልኩ።

"ማርጠብ ብናኙን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም" አለች ኢንጅነሯ። "ሌላ መንገድ አለ። ሁለቱን ሳምንት ትልቁ ምድጃ ይጥፋ። በትንሹ ብቻ፣ ረጅም እጀታ ባለው መሣሪያ እንሥራ።"

"ሥራው በግማሽ ይወርዳል" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"ይውረድ።"

እጅ ይነሳ ተባለ። ይሰፋ ያሉ ሁለት፣ ሥራ አስኪያጁና ጋሽ ነበልባል። ይቁም ያሉ ሁለት፣ ኢንጅነሯና የመጋዘን ኃላፊዋ። ሁሉም እኔን አየኝ።

ጋሽ ነበልባል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እሳቸው ዝቅ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም፣ "ባልሽ እዚያ እንዳለ እንዳትረሺ" አሉኝ።

መቼ ረሳሁት? ስንቱን ዓመት የሰፋሁት እሱን እያሰብኩ አይደለም? እጄን አነሳሁ። ይቁም።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ቀድሞ ሰምቶ ጠበቀኝ። "እኔ ላይ ነው እጅሽን ያነሳሽው?" አለ። አመመኝ። ያኔ ራጁን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ራጅ ማንበብ አይችልም፣ እኔም አልችልም፤ ነጩን በጣቴ አሳየሁት።

ከዚያ "እኔ እንዳልቃጠል ነው አንቺ ይሄን የዋጥሽው" አለ።

"ማን አውቆ?"

"እሱማ..." ራጁን ጠቅልሎ መለሰልኝ። "ግን እፈራለሁ፣ አንቺ ሰው። እውነቱን ልንገርሽ፣ እዚያ ስቆም እፈራለሁ። ያ ጨርቅ ነበር ፍርሃቴን የሚያስረሳኝ።"

በሃያ ዓመት ትዳር እፈራለሁ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው።

ኅዳር 15

ጥቅሉ ሁሉ በላስቲክ ተጠቅልሎ መጋዘን ተቆለፈበት። እኛ ሌላ ክፍል ገባን፣ የተራ ልብስ ቁልፍ እንተክላለን። ትልቁ ምድጃ ጠፍቷል። ፋብሪካው ጸጥ ሲል ጆሮዬ ይጮኻል።

ኅዳር 28

አዲሱ ጓንት መጣ። የዓሣ ቆዳ ይመስላል፣ ያብረቀርቃል። ሬዲዮ አጥልቃው "ሠርግ የሚጠራን ብናገኝ" አለች። ሳቅን። ትልቁ ምድጃ ነገ ይቀጣጠላል። ስፌቱን አየሁት፤ የመኪና ሥራ ነው፣ ደህና ነው። እጅጌው ግን አጠር አላለም? ለማን እላለሁ።

ታኅሣሥ 2

የአደጋው ደወል ጮኸ። ሮጥኩ። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፣ አንድ ጫማዬ መንገድ ቀርቷል።

ባለቤቴ ግድግዳው ሥር ቆሟል። ደህና ነው። ተመስገን አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ወዲያው የማን ባል ነው ታዲያ የሚያቃስተው ብዬ አፍሬ...

ዝምታው የምንለው ሠራተኛ ነው። ከሥራ ባልደረቦቹ ሁሉ ጭምቱ፣ ሰላምታውን እንኳ በአንገቱ የሚሰጥ ሰው። ከጭልፋው ብረት ተፈናጥቆ ግራ እጁን አቃጠለው። አዲሱን ጓንት እንዳጠለቀ።

ጋሽ ነበልባል አልጮኹብኝም። አዩኝና ፊታቸውን አዞሩ። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 3

አሮጌው ጨርቅ ከመጋዘን ይውጣ የሚሉ በዙ። ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠርቶ "የሰጠሽውን ድምፅ ብትስቢ ማንም አይፈርድብሽም" አለኝ። በለስላሳው።

ልሳበው? የአንድ ሰው እጅ ተቃጥሏል፣ ትናንት፣ በዓይኔ አይቻለሁ። የእኔ ሳንባ ደግሞ ምናልባት ነው። የሬዲዮ ሳንባ ምናልባት ነው። እትዬ ግን ምናልባት አይደሉም። እንዴት ነው የሚመዘነው ይሄ? በምን ሚዛን?

እንድፈርም እስክሪብቶ ሰጠኝ። ያዝኩት። "ነገ" ብዬ ወጣሁ። የጥገና ክፍል ነገ።

ታኅሣሥ 4

ሆስፒታል ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቀው ነበር። ዝምታው እጁ እስከ ክርኑ ተጠቅልሏል። ሚስቱ አጠገቡ ናት፤ ስታየኝ ልትቆጣ ነው ብዬ ስጠብቅ ወንበር አቀረበችልኝ። ያም አስለቀሰኝ።

"በእኔ ነው" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ተናገረ። ዝምታው ተናገረ! "መዳፌ ደህና ነው። ጣቶቼ ደህና ናቸው። በእጅጌው ነው የገባው። እጄን ከፍ ሳደርግ በአፉ ገባ። አንዴ ከገባ መውጫ የለውም።"

ሚስቱ "ለእኔ እንኳ እንዲህ ረጅም አውርቶልኝ አያውቅም" አለች። በእንባችን መሐል ሳቅን።

ከዚያ በቀጥታ ፋብሪካ ሄጄ ጓንቱን ከኢንጅነሯ ተቀበልኩ። ገለበጥኩት። እውነቱን ነው፤ መዳፉ ላይ ብረቱ ረግቶ ተላቅቋል፣ ጨርቁ አልተበሳም። የእጅጌው አፍ ነው ጉዱ። አጭር ነው፣ ሰፊ ነው፤ እጅ ሽቅብ ሲሄድ እንደ ጽዋ ይከፈታል። እኔ የምሰፋቸው እስከ ክርን የሚደርሱ፣ አንገታቸው የሚጠብቅ ነበሩ። እትዬ ናቸው እንዲያ ያስተማሩኝ። "እሳት አፍ ይፈልጋል፣ አፍ አትስጪው" ይሉ ነበር።

አይቼው ነበር እኮ! ኅዳር 28 ጽፌዋለሁ፣ አሁን ገልጬ አነበብኩት። "ለማን እላለሁ" ብያለሁ። ለማን? ለጋሽ ነበልባል ነዋ። ለኢንጅነሯ ነዋ። ለባሌ ነዋ! አፌን ምን ያዘው?

ታኅሣሥ 5

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። እስክሪብቶውን አልነካሁም። "ጨርቁ አይደለም ጥፋተኛው፣ ቅዱ ነው። አራት ቀን ስጡኝ፣ ትልቁን ምድጃ እስከዚያ አጥፉት" አልኩ።

ታኅሣሥ 9

ኢንጅነሯ ካስመጣችው ከአዲሱ ጨርቅ ረጅም እጅጌ ቆረጥኩ። ጎበዝ ጨርቅ ነው፣ ግን ግትር ነው፤ ሦስት መርፌ ሰበረብኝ። ክርን ድረስ የሚደርስ፣ አንገቱ ላይ ማጥበቂያ፣ ከላዩ የጃኬቱ እጅጌ የሚወድቅበት። ሬዲዮ ስትለካልኝ ሁለት ጊዜ አስፈታችኝ። "እዚህ ጋ ጣት ይገባል፣ ብረትም ይገባል" እያለች። እግዜር ይስጣት።

መጀመሪያ ማን ያጥልቀው ሲባል ባለቤቴ ተነሳ። ማንም አላዘዘውም። "ሚስቴ ሰፍታው ሌላ ሰው ያጥልቅ?" አለ።

በመስታወቱ ጀርባ ቆሜ አየሁ። ጭልፋው አዘነበለ። ብርሃኑ ፊቱን ዋጠው። ትንፋሼን ያዝኩ፣ እዚያው ደረቴ ውስጥ ያ የተጨማደደ ነገር ያለበት ቦታ። ብልጭታ ተፈናጠቀ፤ ክንዱ ላይ ሲያርፍ አየሁ። ተንከባሎ ወረደ። ሌላ። እሱም ወረደ። ባለቤቴ ክንዱን ሽቅብ አነሳ፣ ሆን ብሎ፣ እንድናይ።

ሲወጣ ላብ በላብ ሆኗል። ጋሽ ነበልባል ጓንቱን ተቀብለው አገላብጠው አዩት፣ አሸተቱት፣ እጃቸውን አስገቡበት። "ይሞቃል" አሉ። "ግን ይሞቃል እንጂ አያቃጥልም።" ከዚያ ለእኔ፣ "ለሁሉም ስፊላቸው።" ይቅርታ መሆኑ ነው። ተቀበልኩ።

ታኅሣሥ 20

እትዬ ዛሬ ጠዋት አረፉ።

ስለ እጅጌው ልነግራቸው ቅዳሜ ልሄድ ነበር።

ታኅሣሥ 23

ከቀብራቸው ወዲህ መጻፍ አልቻልኩም። በመጨረሻ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ያየችው ልጃቸው ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም። አሁን ሲያስነጥሰኝ እንኳ ልቤ ይደነግጣል።

ጥር 8

ለልጄ ነገርኳት።

ተራ ነገር ላስመስል ብዬ፣ ሻይ እየቀዳሁ ጀመርኩ። መሐል ላይ ሻዩ ሞልቶ ፈሰሰ። ቀሚሱን፣ በረንዳውን፣ የአሻንጉሊቷን ልብስ... ሁሉንም ነገርኳት። ራጄን አሳየኋት።

እኔ የጠበቅኩት ለቅሶ ነበር። ተቆጣች። "ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?"

"ከጥቅምት።"

"ከጥቅምት! እማዬ! ሦስት ወር ሙሉ ስስል በበሩ ቀዳዳ የምታዪኝ ለዚህ ነው? እኔ ደግሞ ሲጋራ ታጨሳለች ብለሽ የምትጠረጥሪኝ መስሎኝ!"

"እንዳትፈሪ ብዬ ነው።"

"አንቺ ብቻሽን ስትፈሪ ይሻላል?"

ወጥታ በሩን ዘጋችው። ቆይታ ተመለሰችና የፈሰሰውን ሻይ ጠረገች። "ነገ አብረን እንሄዳለን" አለች። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት "ቆይ፣ አሁን አይደለም፣ ገና ተናድጃለሁ" አለችኝ። ልክ ናት።

ጥር 17

የልጄ ራጅ ንጹህ ነው።

ንጹህ ነው አለ ሐኪሙ። እሷ ግን እንደኔ አይደለችም፣ አፍጥጣ ጠየቀችው። "ለዛሬ ነው ወይስ ለሁልጊዜ?"

"ለዛሬ" አላት። "ቤት ውስጥ የገባው ትንሽ ነው፣ ዕድልሽ ጥሩ ነው። ግን ማንም ሰው ለሁልጊዜ ብሎ አይፈርምልሽም። ሲጋራ እንዳትነኪ፣ የት እንዳደግሽ ለሐኪሞችሽ ሁሉ ንገሪ።"

ስንወጣ ክንዴን ያዘችኝ። መንገዱን ሁሉ አልለቀቀችኝም። "በየዓመቱ በአንድ ቀን ቀጠሮ እናስይዝ፣ ሁለታችንም" አለች። እሺ አልኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ደስም ብሎኛል። ግን አርባ ዓመት ማለት እሷ አምሳ ዘጠኝ ስትሞላ ነው። እኔ አልኖርም። ያኔ ማን ክንዷን ይይዛል?

የካቲት 9

የድሮ ክፍላችንን በላስቲክ አሽገውታል። ነጭ ልብስ የለበሱ፣ ፊታቸው የማይታይ ሰዎች ገብተው ጥቅሉን፣ መጋረጃውን፣ የስፌት መኪናዎቻችንን ሳይቀር አወጡ። ለአዲሱ ክፍል አዲስ መኪናዎች ገብተውልናል። የምድጃዎቹ ሰዎች ልብሳቸውን እዚያው አውልቀው፣ ታጥበው ነው የሚወጡት፤ ባለቤቴ ፀጉሩ እርጥብ ሆኖ ይገባል። ዝምታው ወደ ሥራ ተመልሷል፤ ሁለት ጣቶቹ እንደ ድሮው አይታጠፉም። እጁን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይወርዳል። ሰላም ይለኛል፣ በአንገቱ።

ኢንጅነሯ የድሮ የሠራተኛ መዝገብ ስታገላብጥ እዚያ ክፍል ሠርተው የወጡ አሥራ አንድ ሴቶች አገኘች። ያገቡ፣ ሌላ ሥራ ያገኙ፣ ሰፈር የቀየሩ። ምርመራ እንዲመጡ ደብዳቤ ልትልክ ነበር።

"ደብዳቤ አይሆንም" አልኳት። "እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ከሰው አፍ ይስማው።" ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የማን አፍ እንደሆነ የገባኝ። ሬዲዮ ስድስቱን ወሰደች፣ "ለአንድ ጊዜ እንኳ የምጠላውን ወሬ ላውራ" ብላ። አምስቱ ለእኔ።

ዛሬ ወደ መጀመሪያዋ ሄድኩ። ስምንት ዓመት አብራን ሠርታ ከወጣች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል፤ አሁን ፀጉር ቤት ከፍታለች። ከመንገዱ ማዶ ቆሜ በመስታወቱ አየኋት። ወፍራለች። አምሮባታል። ከደንበኛዋ ጋር ትስቃለች። ምንም አታውቅም። እንዲሁ ብተዋትስ? አንድ ዓመት እንኳ፣ እንዲህ እየሳቀች? ዞሬ ትንሽ ሄድኩ፣ አልዋሽም። እስከ ማዕዘኑ።

ተመለስኩ። ደንበኛዋ እስክትወጣ ጠበቅኩና ገባሁ።

"ውይ! አንቺ! ከየት ተገኘሽ?" ብላ አቀፈችኝ። "ምነው ፊትሽ፣ ደህና አይደለሽም?"

"በሩን ትንሽ ዝጊልኝ" አልኳት። "ቁጭ በይ። ላስፈራሽ ነው የመጣሁት። ግን እስክትረጋጊ አልሄድም።"

በሩን ዘጋች። ተቀመጠች። እጇን ያዝኩና ጀመርኩ።